ሆድሽ ባዶ አይደር፦ የእርግዝና ማቅለሽለሽን ከማታ ጀምሮ መቋቋም

"ያልፋል እኮ!" የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ በየቀኑ የምሰማው ቃል ይህ ነበር። እናቴም፣ ጎረቤትም፣ የመሥሪያ ቤት ሰውም እንዲሁ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አለፈ። ነገር ግን እስኪያልፍ ድረስ ያለው ጊዜ የሚገፋው በሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሳፋ ታቅፋ ለተቀመጠች ሴት "ያልፋል" ማለት ብቻውን ምንም አይፈይድላትም። ሁለተኛዬን ሳረግዝ ማቅለሽለሹ አልቀረልኝም፤ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ሆዴ ባዶ ሆኖ ካገኘኝ ያ ቀን አለቀለት። ስለዚህ ሥራውን ከጠዋት ሳይሆን ከማታ ጀመርኩት። ከዚህ በታች የምጽፍልሽም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ከመኝታ እስከ መኝታ፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ የማይቻል ሲሆን ምን እንደሚደረግ።

መጀመሪያ ጊዜውን እወቂው። ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይመጣል፣ በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙዎችን ይለቃል። እስከ 20ኛው ሳምንት የሚቆይባቸውም አሉ። ከ10 ነፍሰ ጡሮች 7 ወይም 8 ያህሉ ይደርስባቸዋል። "የጠዋት ሕመም" ይባላል እንጂ ቀኑን ሙሉ፣ ማታም ጭምር የሚያስቸግራቸው ብዙ ናቸው። አንድ ልብ በይ፦ ከ9ኛው ሳምንት በፊት ምንም ሳይሰማሽ ቆይተሽ ከዚያ በኋላ ድንገት ማስመለስ ከጀመርሽ "እርግዝናው ነው" ብለሽ አትለፊው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ ጨጓራ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ተመርመሪ።

ሌላው ልነግርሽ የምፈልገው ጥፋቱ ያንቺ አለመሆኑን ነው። "እኛም ወልደናል፣ እንዲህ ስንሆን ግን አልታየንም" የሚሉ አሉ። ቃሉ ከማስመለሱ በላይ ያማል። በታኅሣሥ 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ነገሩን አጥርቶታል። ጽንሱና የእንግዴ ልጁ ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን ወደ እናቲቱ ደም ይለቃሉ፤ ይህ ሆርሞን አንጎል ውስጥ የማቅለሽለሽ ስሜትን የሚያነሳሳውን ክፍል ይነካል። ከማርገዟ በፊት በደሟ ውስጥ የነበረው መጠን ዝቅተኛ የሆነ ሴት ሰውነቷ ስላልለመደው ይበልጥ ይታመማል። ከጥናቱ መሪዎች አንዷ ማርሌና ፌይዞ ራሷ በከባድ የእርግዝና ማስመለስ ተሠቃይታ ልጇን ያጣች ሴት ናት። እንግዲህ ቅንጦት ነው የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው። አማትሽም ያልታመሙት ጠንካራ ስለሆኑ ሳይሆን ሰውነታቸው ሌላ ስለሆነ ነው።

ማታ፦ ዝግጅቱ የሚጀመረው እዚህ ነው

ከመተኛትሽ ከአንድ ሰዓት በፊት ትንሽ ነገር ብዪ፤ ግን እንጀራ ብቻ ወይም ደረቅ ዳቦ ብቻ አይሁን። ሆድ ውስጥ የሚቆይ ይሁን፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ወይም ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ በሶ። እርጎው ከተፈላ ወተት የተሠራ መሆኑን አረጋግጪ፤ ያልተፈላ ወተት በእርግዝና ጊዜ አደገኛ ነው። በልተሽ ወዲያው አትጋደሚ፣ ቃር ይነሳብሻል።

ከዚያ አልጋሽ አጠገብ፣ እጅሽን ዘርግተሽ በምትደርሺበት ቦታ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ደረቅ ምግብ አስቀምጪ። እዚህ ላይ የእኛ ቤት ከማንም የተሻለ ነው። ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ደረቅ ብስኩት፤ የተስማማሽን ምረጪ። እኔን ያዳነኝ ዳቦ ቆሎ ነው፣ ያለ በርበሬ የተጋገረ። ሌሊት ለሽንት ስትነሺ ሁለት ሦስት ፍሬ አኝኪ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን ረጅም ጾም ለሁለት ይከፍለዋል።

ጠዋት፦ አትቸኩዪ

ዓይንሽን እንደገለጥሽ አትነሺ። ትራስሽን ከፍ አድርገሽ፣ ከአልጋሽ ሳትወርጂ፣ ከዚያው ዕቃ ቀስ ብለሽ ብዪ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ በጎንሽ ዞረሽ፣ መጀመሪያ ተቀምጠሽ፣ ቀጥሎ ተነሺ። ሥራ የምትገቢ ከሆነ የማንቂያውን ደወል ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ሙዪው። እንቅልፍ እንደሚያስፈልግሽ አውቃለሁ፤ ግን ተጣድፎ መነሣት ራሱ ያስመልሳል።

ውኃን ከደረቁ ምግብ ጋር አትደርቢ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አራርቂ። ጥርስ መፋቅም ብዙዎችን ያስመልሳል። ሆድሽ እስኪረጋ አቆዪው፤ የልጅ ቡሩሽ ተጠቀሚ፣ የሳሙናው ሽታ ካስቸገረሽ ለጊዜው በመፋቂያ ወይም በውኃ ብቻ አጽጂ። ካስመለሰሽ ግን ወዲያው አትቦርሺ። ከሆድ የወጣው አሲድ የጥርስን ሽፋን ስላለሰለሰው ቡሩሹ ይፍቀዋል። በውኃ ተጉመጥመጪና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።

ቀኑን ሙሉ፦ በትንሽ በትንሹ

"ለሁለት ሰው ብዪ" የሚለውን ምክር ለነዚህ ሳምንታት ተዪው። በየአንድ ሰዓት ተኩል ወይም በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጉርሻ የሚያህል ብዪ። ረሃብ እስኪሰማሽ አትጠብቂ፤ ረሃቡ በተሰማሽ ሰዓት ማቅለሽለሹ ቀድሞሻል። ቦርሳሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሚኮረሸም ነገር ይኑር።

ምን ይበላ? እውነቱን ልንገርሽ፦ በነዚህ ሳምንታት ትክክለኛው ምግብ ሆድሽ የያዘልሽ ምግብ ነው። አንድ ሳምንት ድንችና ዳቦ ብቻ ብትበዪ ጽንሱ አይጎዳም፤ ገና ጣት የሚያህል እንኳ አይደለም። የሚበዙት ሴቶች የሚቋቋሙት ቅባትና ቅመም ያነሰበትን ነው፦ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ቂንጬ ቅቤ ሳይበዛበት፣ ሩዝ፣ አጃ፣ ሙዝ፣ አምባሻ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት። ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ሽታው ስለሚቀንስ ይሻላል። ወጥ አንገሽግሾሽ እንጀራ ግን ካሰኘሽ የሱፍ ፍትፍት ሞክሪ፤ ቁሌት የለውም፣ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ጥሩ ጉልበትም አለው። የቲማቲም ፍትፍትም ለአንዳንዱ ይስማማል፤ ቃር ካለብሽ ግን ተጠንቀቂ። በርበሬ የበዛበት፣ የተጠበሰና ቅቤ የዋጠ ነገር ለጊዜው ይቆይ። ጥሬ ሥጋ ግን ለጊዜው ሳይሆን እስክትወልጂ ድረስ ተዪው።

አምሮትን በተመለከተ፦ ያማረሽ ምግብ ከሆነ ብዪ። ያማረሽ አፈር፣ ጭቃ ወይም የግድግዳ ኖራ ከሆነ ግን አታፍሪ፣ ለአዋላጇ ንገሪያት። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ አፈሩ ደግሞ የትል እንቁላል ይዞ ሊገባ ይችላል።

ሽታ፦ ከምግቡ በላይ ጠላትሽ ይህ ነው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ቁሌት ሲቁላላ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ይገባል፣ የጎረቤትም ሳይቀር። የቻልሽውን ያህል ከምድጃ ራቂ። የሚያግዝሽ ሰው ካለ ወጡ በአንድ ቀን፣ አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ይሠራና ፍሪጅ ይግባ። ራስሽ ከመሥራት ሌላ ምርጫ ከሌለሽ መስኮትና በር ክፈቺ፣ ክዳን ግጠሚ፣ መጀመሪያ ደረቅ ነገር በልተሽ ግቢ። ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ፣ ሽቶ ሲነፋ የሚያስመልስሽ ከሆነ ሳታፍሪ ተናገሪ። ቡና ያጣጣኝ ሰው ሊቀየመኝ ይችላል ብለሽ ጭሱ ውስጥ ተቀምጠሽ አትሠቃዪ።

ሎሚ ቆርጠሽ በንጹሕ መሀረብ ያዢ፤ መጥፎ ሽታ ሲመጣ አሽትቺው። ታክሲ ውስጥ ከተቻለ ጋቢና፣ ካልሆነ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ፣ ሁለት ፌስታል በኪስሽ ይኑር። ስልክ እያዩ መሄድ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል።

መጠጥ፦ ከምግብ የሚቀድም ነገር

ሁለት ቀን ሳትበዪ ብትቆዪ ትደክሚያለሽ፤ ሁለት ቀን ፈሳሽ ካላስቀረሽ ግን ሆስፒታል ነሽ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምትጠብቂው ይህን ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ግጥም አታድርጊ፤ ሆድሽን ወጥሮ ይመለሳል። በየአምስት በየአሥር ደቂቃው አንድ ሁለት ጉንጭ። ብዙ ሴቶች ተራ ውኃ ያስመልሳቸዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት፣ አምቦ ውኃ ጋዙ ትንሽ ወጥቶለት፣ ቀጭን የዝንጅብል ሻይ፣ ወይም በረዶ መምጠጥ ሞክሪ።

ደጋግሞ ካስመለሰሽ ከፋርማሲ ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) ግዢ። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ፣ ቀኑን ሙሉ በማንኪያ ይወሰዳል። ካላገኘሽ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚ። ልኩን አትለውጪ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ምራቅ ለሚበዛባት፦ እሱም የእርግዝናው አካል ነው። ማስቲካ፣ ሎሚ መምጠጥ፣ አፍን ቶሎ ቶሎ መጉመጥመጥ ያቀልላል። የምትተፊውም ፈሳሽ ከሰውነትሽ የሚወጣ ስለሆነ በመጠጥ ተኪው።

ቡና ካስጠላሽ እሰየው። ካላስጠላሽ በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ይበቃል፣ አቦሉን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን እለፊ። ባዶ ሆድ ላይ ግን በፍጹም።

ዝንጅብል፣ ቢ6 እና የእጅ አንጓ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚያቅለሸልሻት ሴት ከመከራቸው ነገሮች ውስጥ ዝንጅብልና ቫይታሚን ቢ6 ይገኙበታል። ዝንጅብሉን እንዲህ ሥሪ፦ ግማሽ አውራ ጣት የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል ልጠሽ በስሱ ክተፊ፣ በሁለት ሲኒ ውኃ ለ10 ደቂቃ አፍዪ፣ አቀዝቅዘሽ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ በጉንጭ ውሰጂ። ደረቅ የዝንጅብል ዱቄት ከሆነ በቀን በድምሩ ከ1 ግራም ገደማ አይብለጥ። ሲበዛ ራሱ ቃር ያስነሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ቢ6 ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ለነርቭ ሕመም የሚሸጡት፣ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ ያሉባቸው ኪኒኖች የቢ6 መጠናቸው ከዚህ በጣም ሊበልጥ ስለሚችል "ያው ቢ6 ነው" ብለሽ አትውሰጂ፤ መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ።

እጅ አንጓሽ ላይ ያለውን ነጥብ መጫንም የሚረዳቸው አሉ፣ ጉዳትም የለውም። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊ፣ ከአንጓው መታጠፊያ ወደ ክንድሽ ሦስት ጣት ለኪ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል በአውራ ጣትሽ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ጫን አድርገሽ አሺ።

አሁን ስለማይወሰደው። እናቶቻችን በቅን ልብ ብዙ ይሰጡናል። ጤና አዳም በቡና ላይ ለሽታ የምትደረግ ቅጠል ናት፤ ተጨምቃ ወይም ተፈልታ በብዛት ስትጠጣ ግን ማሕፀን ልታኮማትር ትችላለች። ኮሶ ፈጽሞ አይነካም። ፌጦና ዳማከሴም ይቅሩ። አብሽ ወጥ ውስጥ ከሚገባው መጠን አልፎ ለጨጓራ ተብሎ በብርጭቆ አይጠጣ። "የተፈጥሮ ነው" ማለት ለጽንስ ይስማማል ማለት አይደለም።

መድኃኒት፦ ፍርሃቱና እውነቱ

እርጉዝ ሴት መድኃኒት መፍራቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ታሊዶማይድ የተባለ ኪኒን በ1957 ጀርመን ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦ ለእርግዝና ማቅለሽለሽም ሲሰጥ ቆየ፤ በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ወይም በሌላ ከባድ ጉዳት ተወለዱ። ያ መከራ ግን ከዚያ ወዲህ ያሉት መድኃኒቶች ጠንክረው እንዲመረመሩ አድርጓል። ዛሬ ቢ6 ከዶክሲላሚን ጋር የተቀላቀለበት ኪኒን በብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተጠንቶ ለጽንስ ጉዳት አልተገኘበትም፤ አሜሪካ ውስጥ በ2013 ለዚሁ ጉዳይ ተፈቅዷል። እዚያ ያላችሁ እህቶች ሐኪማችሁን ስለ እሱ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕላሲል ነው። ይረዳል፤ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከጎረቤት ተውሰሽ አትውሰጂው፣ ከ5 ቀን በላይም ሳትጠይቂ አትቀጥዪ። መንጋጋ ወይም አንገት የሚያጣምም ስሜት ካመጣ ወዲያው አቁመሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

ሌላ ብዙ ሴት የማታውቀው ነገር፦ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የደም ማነስ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው አይረን (ብረት) ራሱ ማቅለሽለሹን ሊያባብስ ይችላል። ደብቀሽ መጣል መፍትሔ አይደለም። ማታ ከምግብ በኋላ፣ ልትተኚ ስትዪ ውሰጂው። አሁንም ካልቻልሽ አዋላጇን ጠይቂ፤ ለጥቂት ሳምንታት ፎሊክ አሲድ ብቻ ሊሰጡሽ ይችላሉ። ፎሊክ አሲዱ ግን አይቋረጥ፤ የጽንሱ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር በእሱ ላይ ነው።

ጾም ከሆነስ?

ይህን የማነሳው ብዙ ሴት በዝምታ ስለምትጎዳበት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያፈርሰዋል። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ዛሬውኑ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመና ለነፍሰ ጡር ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች፣ የሚከለክልሽ ብዙ ጊዜ የገዛ ፍርሃትሽ ነው። ሙስሊም ከሆንሽ ለራስሽ ወይም ለጽንሱ የምትሰጊ ነፍሰ ጡር በረመዳን እንድታፈጥሪና ኋላ እንድታካክሺ ተፈቅዶልሻል። የእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ትተሽ በሰዓቱ የምትበዪ ከሆነ ደግሞ ሱፍ፣ ኦቾሎኒ፣ ሽምብራና አጥሚት ይዘውሽ ያልፋሉ።

ለባል ሁለት ቃል

ወንድሜ፣ "ምን ላድርግልሽ?" ብለህ አትጠይቃት፤ ማሰብ ራሱ ያደክማታል። ማታ ድርቆሹን አጠገቧ አስቀምጥ። ሽንኩርቱን አንተ ቁላ፣ በሩን ዘግተህ። ሳፋውን አንተ አጥበህ መልስ። ሦስት ወር ሳይሞላ አይነገርም ተብሎ ሚስጥር ከሆነ ደግሞ ከአንተ በቀር የምትደገፍበት ሰው እንደሌላት አስብ። ለአለቃዋ ወይም ለአንድ ለምታምናት የሥራ ባልደረባ መንገር ከፈለገችም አትከልክላት።

ቤት የማይቻልበት ጊዜ

ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ቀን ሂጂ፦ ለ24 ሰዓት የጠጣሽው ሁሉ ከተመለሰ፤ ለ8 ሰዓት ሽንት ካልመጣ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፤ ስትቆሚ ከዞረብሽ ወይም ልብሽ ከመታ፤ ትውከትሽ ደም ካለበት፤ ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ከማሕፀን ደም ካለ። ክብደትም ለኪ፤ 60 ኪሎ የነበረች ሴት 3 ኪሎ ከቀነሰች ነገሩ ተራ ማቅለሽለሽ አይደለም። ከባድ የእርግዝና ማስመለስ ይባላል፤ የሚደርስባቸው ጥቂት ቢሆኑም ሕክምና የግድ ነው።

ጤና ተቋም ስትደርሺ ስንት ቀን እንደሆነሽ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስመልስሽ፣ መጨረሻ የሸናሽው መቼ እንደሆነ በቁጥር ንገሪ። "ትንሽ አሞኛል" አትበዪ። የሽንት ኪቶን ምርመራ (ኪቶን ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው ነው) እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፤ አልትራሳውንድም ያስፈልጋል፣ መንታ ወይም ጤነኛ ያልሆነ እርግዝና ማስመለሱን ያበረታዋልና። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀሽ ያዢ፦ ለብዙ ቀን ምግብ ካልያዘልሽ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ታያሚን ባለቀበት ሰውነት ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። እኔ አንድ ክሊኒክ ሄጄ "እርግዝና ነው፣ ልመጂው" ተብዬ ተመልሻለሁ። አንቺም እንዲህ ከተባልሽ ሌላ ቦታ ሂጂ።

ሲለቅሽ

አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ቆሎውን ሳትነኪ ተነሥተሽ ትገኛለሽ። ያን ጊዜ ዝግጅቱን በአንዴ አትተዪው፤ ለሳምንት ያህል የአልጋው ዳር ዕቃ ይቆይ፣ አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ያቋረጥሽውን አይረን ጀምሪ፤ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂ። ጥርስሽን አስመርምሪ። የጎደለውን ኪሎ በምስር፣ በእንቁላል፣ በጎመንና በሥጋ ወጥ ቀስ እያልሽ መልሺ። የቀጣዩ ክትትል ቀጠሮሽ ካለፈሽ ነገ ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ።